ፊትሽን ስጪኝ

ሰብለ የደወለችልኝ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ለሻይ ወጥተን ፋብሪካው ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳታደርስ፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ሻይ ላይ ነኝ። ምነው?»

«ኧረ ምንም። ስትወጪ ደውይልኝ እሺ? ምንም የለም።»

ዘጋችው። ምንም የለም ለማለት ብሎ የሚደውል ሰው አላውቅም። ድሮ አብረውኝ የሠሩት እትዬ ዘምዘም ደሴ ሆስፒታል ከተኙ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ገባኝ። ገባኝ እንጂ አልተነገረኝም፤ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሥራውን ይሠራል። ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ሽመና ክፍል ተመለስኩና እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ዋልኩ። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ያስተማሩኝ ቀን ግን ዓይናቸውን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ኮምቦልቻ የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከወረኢሉ ገጠር ነው፤ ማሽን የሚባል ነገር ከወፍጮ በቀር አላውቅም። የሽመና ክፍሉ በር ሲከፈት ድምፁ ደረቴን መታኝ። ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ ሲደበድብ ሰው የራሱን ጩኸት እንኳ አይሰማም። ከሁሉ ያስደነገጡኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ድምፅ ግን የለም። መጀመሪያ የሚጸልዩ መሰለኝ፤ ቀጥሎ በእኔ የሚያሾፉ መሰለኝ። ሁለተኛው ልክ ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት፣ እትዬ ዘምዘም፣ መጥተው ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቁልኝ። ከዚያ አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩትና ከንፈራቸውን ቀስ አድርገው፣ «ፊትሽን ስጪኝ» አሉኝ። ከሰው ከንፈር ላይ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። በሦስት ወር ውስጥ እኔም እንደ ሌሎቹ አዲስ በገባች ልጅ ላይ ማሾፍ ጀመርኩ።

በዚህ ነገር እትዬ ዘምዘምን የሚስተካከል አልነበረም። ከክፍሉ አንድ ጫፍ ቆመው ሌላው ጫፍ ካለች ሴት ጋር ስለ ሱፐርቫይዘሩ ሱሪ ጥበት ያወራሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ መሀል ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጎማለላል። ደሴ ሰኞ ገበያ አብረን ከወጣን ደግሞ ቅቤ ተራ ሳንደርስ ከሩቅ ቆመው የሻጮቹን አፍ ያዩና፣ «ይቺኛዋ ሙዝ ቀላቅላበታለች፣ ለጓደኛዋ እየነገረቻት ነው» ብለው ይጎትቱኛል። እሳቸው በሚያዩበት እሳቸውን ማማት የማይታሰብ ነገር ነበር። ሠላሳ ዓመት ማሽን ሥር ቆመው ግን ጆሯቸው እየደከመ ሄደ። ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ፊቱን ያልሰጣቸውን ሰው ጨርሶ አይሰሙም ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ማሽን ፊት መርዶ አይነገርም። ድሮ አብራቸው የተቀጠረች ሴት የወንድሟን ሞት እዚያው ቆማ ሰምታ፣ እጇን የት እንዳደረገችው ሳታውቅ ሁለት ጣቷን ማሽኑ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ፈረቃ አንዷ ሰው ሲሞትባት ወሬው በከንፈር ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፤ እሷ ብቻ እንዳታየው ሁሉም ፊቱን ያዞርባታል። ፈረቃው ሲያልቅ እትዬ ዘምዘም ቤታቸው ይወስዷታል፣ እህል ያቀምሷታል፣ ከዚያ አገጯን ይይዙና፣ «አሁን ማሽንሽ ቆሟል አይደል?» ይሏታል። ይህን ጥያቄ የሰማች ሴት የቀረውን አታስጨርሳቸውም።

እኔንም እንዲሁ አሉኝ። የአባቴ ሞት ለቢሮ የተደወለው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከመስታወቱ ወዲያ ስልኩን ይዞ ሲናገር እትዬ ዘምዘም አፉን አይተውታል። ሄደው፣ «እስክትወጣ ተዋት» አሉት። እኔ ሴቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ሥራ ያበላሸሁ መስሎኝ እጄን አፈጠንኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ስፈጥን ዋልኩ። ማሽኔ ሲቆም ተነገረኝ። መኪና ተፈልጎ ወረኢሉ ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ጠዋት ቢነግሩኝ እደርስ ነበር። አባቴ አፈር ሲለብስ አላየሁም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ወር አኮረፍኳቸው። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰውን አለማናገር ቀላል ነው፤ ፊትን ማዞር ብቻ ነው። እሳቸው ግን ተስፋ አይቆርጡም። ወደ ግራ ሳዞር በግራ፣ ወደ ቀኝ ሳዞር በቀኝ ዞረው መጥተው ፊቴ ይቆማሉ። «ጣትሽ አለ?» ይሉኛል። «አለ» እላለሁ። «በቃ፣ ሌላውን አላህ ይጠይቀኝ፤ አንቺ ተቀየሚኝ» ብለው ወደ ማሽናቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ሳቄ መጣና ታረቅን። ታረቅን እንጂ አልረሳሁትም።

ሐያት አንድ ልጃቸው ናት። ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ እናትና ልጅ ብቻቸውን ኖሩ። እናቷ እየደነቆሩ ሲሄዱ ልጅቷም ያለ ድምፅ ማውራት ለመደች። ሁለቱ ሲጫወቱ ቤቱ ጭር ይላል፤ ሳቃቸው ብቻ ነው የሚሰማው። እትዬ ዘምዘም ጡረታ ወጥተው ደሴ፣ ሆጤ ወዳለው የወላጆቻቸው ቤት በተመለሱ በዓመቱ፣ ሐያት ከሰፈሩ አራት ልጆች ጋር ለቤት ሠራተኝነት ኦማን ሄደች። የደረሱበት ከተማ ሰላላ ይባላል፤ ባሕር ዳር ነው። «ባሕር አይቼ አላውቅም። ልጄን የማላውቀው ነገር አጠገብ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ ያኔ። ግን አልከለከሏትም። ልጅቷ በየጁምዓው በቪዲዮ ትደውላለች፤ እናት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያለ ድምፅ ያወራሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ሐያት ደውላ ከባድ አውሎ ነፋስ በባሕሩ ላይ እየመጣ ነው አለች። ማዳሟ ውሃና ሻማ እየገዛች፣ መስኮቱን በጣውላ እያስመታች ነው፤ በሁለት ቀን ይደርሳል ተብሏል። እትዬ ዘምዘም በጎረቤት ስልክ አስጠሩኝ። ከፈረቃዬ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝኩና ወደ ደሴ ወጣሁ።

«ንፋስ ነው ወይስ ዝናብ?» አሉኝ ገና ከበሩ።

«ሁለቱም ነው። ባሕሩም ይወጣል ይላሉ።»

«ባሕር ወዴት ነው የሚወጣው?»

«ወደ መሬት ነዋ። ወደ ቤቱ።»

«ቦርከናም ሲሞላ ይወጣል፤ ይመለሳል ግን» አሉ። ለእኔ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው።

ስልኬ ላይ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ አሳየኋቸው። ነጭ፣ ክብ፣ መሀሉ ቀዳዳ ነው። «ሐያት የታለች?» አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ጣታቸውን እዚያው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ስልኩ ሲጠፋም አላነሡትም። ከዚያ ቀና ብለው በመስኮቱ የጦሳን ተራራ አዩ። የጥቅምት ፀሐይ ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ ጎረቤት በርበሬ አስጥቷል። እዚህ እንዲህ ሆኖ እዚያ እንዴት እንደዚያ እንደሚሆን አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልገባኝም።

ነፋሱ ይደርሳል የተባለው ሐሙስ ነበር። የልጆቹ እናቶች በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ እትዬ ዘምዘም ቤት ተሰበሰቡ፤ እኔም ፈረቃ ተለዋውጬ መጣሁ። አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ አንዷ ታማትባለች፣ አምስት ስልክ ምንጣፉ ላይ ተደርድሯል። ከሁሉ የባሰባቸው ከሐያት ጋር የሄደችው የሰብለ እናት፣ ወይዘሮ አስናቀች ነበሩ። የደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪም ድንጋጤ እንዳይነካቸው ካለ ቆይቷል። ያን ዕለት ጠዋት ሰብለ ስልክ አላነሣ ስትል ተዝለፍልፈው ወድቀው፣ ውሃ ረጭተን ነው ያስነሣናቸው።

ሰባት ሰዓት ላይ የእትዬ ዘምዘም ስልክ በራ። ሐያት ናት፣ በቪዲዮ። ሲከፍቱት የመጣው ድምፅ ሴቶቹን ጆሯቸውን አስያዛቸው። የሚያገሣ ነገር ብቻ ነው፤ የሰው ቃል የለበትም። «ምን አለች? አይሰማም እኮ!» እያሉ ተንጫጩ። እኔና እትዬ ዘምዘም ግን እንደዚያ ያለ ጩኸት ውስጥ ነው ዕድሜያችንን የፈጀነው። በትከሻቸው በኩል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምስሉ ይቆራረጣል፣ የልጅቷ ከንፈር ግን ይታያል።

«እማዬ፣ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ዘግተውብኝ ሄዱ። ከውጭ ነው የተዘጋው። ውሃ እየገባ ነው። ለሰው ንገሪልኝ።»

የእትዬ ዘምዘም ፊት ላይ አንድም ነገር አልተነቃነቀም። ከንፈራቸውን ቀስ አድርገው፣ ልክ እኔን የመጀመሪያ ቀን እንዳነጋገሩኝ፣ «ከፍ ያለ ነገር ላይ ውጪ። እነግራለሁ። አብሽሪ» አሏት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ስልኩ ተቋረጠ።

ዞር ሲሉ አራቱ እናቶች አፋቸውን ከፍተው ያይዋቸዋል። ወይዘሮ አስናቀች ደረታቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አብሽሩ!» አሉ እትዬ ዘምዘም ጮክ ብለው። «ደህና ነኝ ነው የምትለው። ነፋሱ ነው እንጂ እኛ ደህና ነን ትላለች። አልሐምዱሊላህ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እሳቸው እኔን በዓይናቸው ጠርተው ወጡ፤ አጥሩ ሥር ስንደርስ አገጬን ያዙኝ።

«አየሽ?»

«አየሁ። ለምን አልነገሯቸውም?»

«አስናቀች እጄ ላይ ትሞታለች። ወላሂ ትሞታለች። መጀመሪያ በሩን የሚከፍትላት ሰው እናግኝ፣ ከዚያ እነግራለሁ።»

ባጃጅ ይዘን ልጆቹን ወደ ላከው ደላላ ፒያሳ ሄድን። ሰውየው ለሐያት አሠሪዎች ደወለ፤ አይነሣም። ሌላ ሰው ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። እትዬ ዘምዘም ፊት ለፊቱ ቆመው እያንዳንዷን ቃል ከአፉ ላይ ይለቅማሉ። «ትንሽ ይቀመጡ እናቴ» ይላል። «ድገመው» ይሉታል። ወደ ሦስት ሰዓት ያህል እንዲሁ ሆንን። አንድም ሰው አልተገኘም።

ስንመለስ ወይዘሮ አስናቀች ከበሩ ላይ ተቀበሉን፤ ፊታቸው በርቷል።

«ዘምዘምዬ፣ ሰብለ ደወለች! ፎቅ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ አለች። ጎረቤት ናቸው ለካ፣ የሐያት ሁለተኛው ግቢ ነው አለችኝ። ‹ሐያት እንዴት ናት፣ ሮጥ ብዬ ልያት?› ስትለኝ፣ ‹እንዳትወጪ፣ እናቷ አሁን አነጋግራታለች፣ ደህና ናት› አልኳት።»

እትዬ ዘምዘም የወይዘሮ አስናቀችን አፍ እያዩ ነበር። ንግግሩ ካለቀም በኋላ ማየታቸውን አልተዉም። «መቼ ነው የደወለችው?» አሉ።

«እናንተ እንደወጣችሁ ነው እኮ።»

ሰብለ ጋ መልሰን ስንደውል ስልኳ አይሠራም። ከዚያ ወዲያ የከተማው መስመር በሙሉ ጠፋ።

ሐያትን ውሃው ሲጎድል ቅዳሜ አገኟት። አሠሪዎቿ ከፍታ ላይ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሲሄዱ፣ ትጠፋለች ብለው ነው የዘጉባት። እዚያው ተቀበረች። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች መርዶውን ለማርዳት በማለዳ ሲመጡ እትዬ ዘምዘም በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። «አትድከሙ። ሐሙስ ዕለት ነግራኛለች» አሏቸው። ሰዉ ሐዘን ያስቀባጠራቸው መሰለው። የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ለወይዘሮ አስናቀች ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ክፉ ፊት አላሳዩም። ምንም አልነገሯቸውም። እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ግፊታቸውን ይጠይቋቸዋል፣ መድኃኒት መዋጣቸውን ያያሉ። እኔ ሄጄ ስጠይቃቸው ግን ስልኬን አስከፍተው ያንን ነጭ ክብ ነገር ይፈልጋሉ። የትም አገር ይሁን፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁት ደሴት ይሁን፣ አውሎ ነፋስ ካለ ጣታቸውን ያሳርፉበታል።

«ሰው አለበት?» ይሉኛል።

«አለበት።»

«በር የሚከፍትላቸውስ አለ?»

«ኢንሻአላህ» እላለሁ፣ ክርስቲያኗ እኔ። እሳቸው ጣታቸውን ሳያነሡ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ለማያውቋቸው ሰዎች። አንዳንዴ አብሬያቸው አለቅስ ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ ይህን የበር ነገር ያን ቀን ጮክ ብለው ቢሉት ኖሮ ብዬ እናደድባቸው ነበር። የአባቴ ነገር ይመጣብኛል።

ሰብለ ባለፈው ዓመት ተመለሰች። እትዬ ዘምዘም ቤታቸው ስትመጣ ይስሟታል፣ ያበሏታል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል ጠይቀዋት አያውቁም። ከጠየቋት ልጅቷ ሁሉን ታውቃለች፤ ይህን ነው የፈሩት። ሰብለ ግን ለእኔ ነገረችኝ፣ አብረን ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወጣ። «ክፍሉን ውሃው ሲጎድል አይቼዋለሁ እትዬ ትርንጎ። መቀርቀሪያ ብቻ ነው፣ ቁልፍ የለውም። በደወልኩበት ሰዓት መንገዱ ገና ያስኬድ ነበር። ደህና ናት ባይሉኝ ሄጄ እከፍትላት ነበር።» ለእትዬ ዘምዘም እንዳትናገር አስማልኳት። እንግዲህ እኔም ጀመርኩት ማለት ነው።

እትዬ ዘምዘምን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው እሑድ ሆስፒታል ሄጄ ነው። ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ለእኛ ድምፅ ምን ያደርጋል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ስለ ፋብሪካው ሳወራላቸው ቆየሁ። አዲሱም ሱፐርቫይዘር ሱሪው ጠባብ ነው ስላቸው በዓይናቸው ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ሰብለ ነግራሻለች፣ ፊትሽ ላይ አለ» አለ ከንፈራቸው። «በሩ ቁልፍ ነበረው ወይስ መቀርቀሪያ ብቻ? ማሽኔ ቆሟል፣ ንገሪኝ።»

ሦስት ዓመት ይህችን ብቻ ይዘው ነው የኖሩት። ቁልፍ ከነበረው ሰብለ ብትሄድም አትከፍተውም፤ ሐያትን የገደሏት ውሃውና አሠሪዎቿ ናቸው። መቀርቀሪያ ብቻ ከሆነ ግን ሞቷ ውስጥ ያቺ «አብሽሩ» አለችበት። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ልዋሻቸው ፈለግኩ። ቁልፍ ነበረው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ያነበበ ሰው እንዴት ይዋሻል? ከንፈሬ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ። እውነቱንም ማውጣት አቃተኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እጄን ሳብ ሳብ አደረጉኝ። ምን እንደሚሉ ሳላይም አውቃለሁ። ፊትሽን ስጪኝ ነው። ድሮ ቢሆን ዞረው መጥተው ፊቴ ይቆሙ ነበር። አሁን ከአልጋው መነሣት አይችሉም። እኔ ውጭ ውጭውን እያየሁ ጮክ ብዬ፣ «ቁልፍ ነበረው እትዬ፣ ትልቅ ቁልፍ» አልኩ። አጠገባቸው ያሉት በሽተኞች ሰሙኝ፤ እሳቸው አልሰሙኝም። ፊቴን ስመልስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ እጄንም ለቀውታል። ቅዳሜ መጥቼ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። የቱን እንደምነግራቸው ግን አልወሰንኩም ነበር።

ቅዳሜ ሳይደርስ ሰብለ ደወለች። እንዳልኩት እስከ ስምንት ሰዓት ሠራሁ፣ ማሽኔን አቆምኩ፣ እጄን ታጠብኩና ደወልኩላት።

«ማሽኔ ቆሟል። ንገሪኝ።»

«ጎህ ሲቀድ ነው ያረፉት» አለች እያለቀሰች። «ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም? እደርስ ነበር እኮ!»

«እሳቸው ናቸው። ትናንት ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ‹ትርንጎ ማሽን ላይ ከሆነች እንዳትነግሪያት› ይላል። እሱን ብቻ ነው የጻፉት።»

ሆጤ ስደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ወይዘሮ አስናቀች አቅፈውኝ አለቀሱ። «ምነው ዘገየሽ ልጄ? ሳይገነዙ ፊታቸውን ሁላችንም ተሰናበትነው፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ» አሉኝ።

ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። አሥሩም ጣቴ አለ። ፊታቸውን ግን አላየሁትም።